ብርዱ ሳያልፍ ዘንባባውን ማሰናዳት

ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ክረምት» ማለት ዝናብ፣ ጭቃና ጎርፍ ነው። በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ግን ክረምት ማለት ብርድ ነው፤ ገበሬውም ከአባቶቹ በወረሰው የከዋክብት ስሌት ይቆጥረዋል። በኅዳር መጨረሻ የሚገቡት 40 የብርድ ቀናት «አል-ሙረብዓኒያ» ይባላሉ። እነርሱ በጥር የመጀመሪያ ሳምንት ሲያበቁ 26 ቀናት ያሉት «አሽ-ሸብጥ» ይተካል። በአገር ቤት አውድማ ላይ እህል በሚበራይበት በዚህ ወቅት፣ የቴምር ባለቤት የመጪውን በጋ ፍሬ ማሰናዳት ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው፣ 2.5 ሚሊዮን ያህል የቴምር ዛፎች እንዳሉት በሚነገረው የሳዑዲ ዓረቢያው አል-አሕሳ፣ ሠራተኞች «ከር» በሚሉት የመውጫ ገመድ ወገባቸውን ከግንዱ ጋር አስረው ወደ ላይ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ሥራቸው የደረቀውንና ወደ ታች ያዘነበለውን ዝንጣፊ መቁረጥ፣ ቀጥሎም በአረንጓዴው ዝንጣፊ ግርጌ የተሰለፈውን እሾህ መላጨት ነው። እሾሁ አሁን ካልተነሣ፣ አበባው ሲወጣ እጅ ማስገባት አይቻልም። አረንጓዴው ዝንጣፊ ግን መነካት የለበትም፤ አንድ የፍሬ ዘለላ በሚገባ እንዲያድግ ከ8 እስከ 10 የሚደርሱ ጤናማ ዝንጣፊዎች ያስፈልጉታልና። ግቢ ለማሳመር ሲል ዛፉን እስከ አናቱ የሚላጭ አትክልተኛ አይጠፋም። ለዓይን ያማረ ይመስላል፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን በመከር ጊዜ ነው።

ቁርጡ በብርድ ወራት እንዲሆን የሚመከርበት ከባድ ምክንያት አለ። ከደቡብ እስያ የመጣው ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በባሕረ ሰላጤው ተሠራጭቷል። ነፍሳቱ የምትሳበው በአዲስ ቁስል ሽታ ነው፤ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፣ ትሎቹም ግንዱን ከውስጥ ይበሉታል። በብርድ እንቅስቃሴዋ ስለሚቀንስ የተቆረጠው ቦታ ለመድረቅ ፋታ ያገኛል፤ እንዲያም ሆኖ ቁስሉን በፀረ ተባይ ማከም ይበጃል። ከግንዱ ቡናማ ዝልግልግ ፈሳሽ ሲወጣ፣ የታኘከ ጭረት ሲታይ፣ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ሲሸት ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ለአካባቢው የግብርና ቢሮ በዚያው ዕለት ማሳወቅ ይገባል። በየእርሻውና በየግቢው የሚሠሩ ወገኖቻችን ከአሠሪው ቀድመው ምልክቱን ሊያዩ ይችላሉና ቢያውቁት መልካም ነው። ከማይታወቅ እርሻ የመጣ ቡቃያም፣ የወዳጅ ስጦታ ቢሆን እንኳ፣ ሳይመረመር አይተከል፤ ነቀዙ ከአገር አገር የተሻገረው በአብዛኛው በቡቃያ ተሸሽጎ ነው።

ውኃን በተመለከተ፣ ዛፉ በብርድ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ የማጠጫው ቀን ይራራቃል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከግንዱ ራቅ አድርጎ ከአፈር ጋር መቀላቀልም የዚህ ወቅት ሥራ ነው።

መሬት ለሌለው ደግሞ ሰገነት ይበቃዋል። በጋው የማያበቅለውን ይህ ወቅት ያበቅላል፦ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ድንብላል፣ እንዲሁም የአገር ቤቱን ሽታ የሚያመጣ አንድ ማሰሮ ጤና አዳም። ማለዳ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ማጠጣት ይሻላል፤ የምሽት ውኃ በቀዝቃዛ ሌሊት ሥሩን ያበርደዋል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች በሚወርድባቸው እንደ ተቡክ ባሉ ሰሜናዊ አካባቢዎች፣ ለጋ ችግኝን ማታ ማታ በጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ሥራ ማዳቀል ነው። የቴምር ዛፍ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ነው፤ ነፋስ ብቻውን በቂ ፍሬ አያስይዝም። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) በመዲና ሰዎች ቴምር ሲያዳቅሉ አይተው ጥቅም ያለው እንደማይመስላቸው ተናገሩ፤ ሰዎቹም ተዉት፣ ምርቱም ቀነሰ። ይህ ሲነገራቸው፣ የተናገሩት ግምታቸውን እንደነበረና በዓለማዊ ጉዳያቸው እነርሱ ይበልጥ እንደሚያውቁ ገለጹላቸው። ዛሬም ሥራው በዚያው መንገድ ይሠራል፦ የሴቴዋ ሰይፍ መሰል የአበባ ሽፋን በተሰነጠቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ የወንዴው አበባ ዘርፎች በመካከሏ ይደረጋሉ፣ ዘለላውም በላላ ክር ይታሰራል። አበባው እንደ ዝርያው በአብዛኛው በየካቲትና በመጋቢት ይወጣል፤ የወንዴው ግን ብዙ ጊዜ ስለሚቀድም፣ ጠንቃቃ ገበሬ ዱቄቱን ከወዲሁ አድርቆ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ያኖረዋል።