በአዮን የሚናገር ሰውነት፦ ስለ ልስልስ የሕክምና መሣሪያዎች



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከሰውነታችን ጋር የሚገናኙ የሕክምና መሣሪያዎች ስለ ምን እንደ ሥጋ ልስልስና እርጥብ መሆን አስፈለጋቸው?

በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚያጓጉዘው ኤሌክትሮን ነው። በሰውነት ውስጥ ግን መልእክት የሚያደርሱት አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው በውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ እንደ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ያሉ ቅንጣቶች ናቸው። ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ ሶዲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ፖታሲየምም ይወጣል። የልብ ምትም የሚነሣው ከዚሁ መሰል እንቅስቃሴ ነው። እንግዲህ በሰውነትና በመሣሪያ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

ይህ አስተርጓሚ ለሐኪም ቤት እንግዳ አይደለም። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ሲደረግ ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ጄል ጨው ያዘለ ስለሆነ አዮኖችን ያስተላልፋል፤ ከበላዩ ባለው ብርና ብር ክሎራይድ ላይ ምልክቱ ወደ ኤሌክትሮን ፍሰት ይለወጣል።

ችግሩ የሚጠናው መሣሪያው ወደ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ነው። ሲሊከን ከአንጎል በብዙ ሚሊዮን እጥፍ የጠነከረ ነው። አንጎል ከትንፋሽና ከልብ ምት ጋር ስለሚንቀሳቀስ ግትሩ መሣሪያ ይፈገፍገዋል፤ ሰውነትም እንግዳውን በጠባሳ ይከበዋል፤ ምልክቱም ይደክማል። ተመራማሪዎች ውኃ ወዳዘሉት ሃይድሮጄሎችና አዮንንም ኤሌክትሮንንም ወደሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ፊታቸውን ያዞሩት ስለዚህ ነው።

እነዚህ ቁሶች ከማንበብ አልፈው ያክማሉ። በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የአዮን ፓምፕ ፈሳሽ ሳይረጭ፣ ሙል ያላቸውን ሞለኪውሎች ብቻ በኤሌክትሪክ ኃይል እየሳበ ያደርሳል። መጠኑም ባለፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ደግሞ ጋባ የተባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ በአይጦች ሕብለ ሰረሰር ላይ በማድረስ የሕመም ምልክታቸው እንዲቀንስ ተደርጓል። የሚዋጥ መድኃኒት በደም አማካይነት መላ ሰውነትን ያዳርሳል፤ ይህ ግን ከታመመው ስፍራ ላይ ይውላል።

ይሁን እንጂ ሃይድሮጄል አየር ላይ ይደርቃል፤ ፓምፑም የሚያሻግረው ሙል ያላቸውን ትናንሽ ሞለኪውሎች ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም ውስን ነው። ስለዚህ የእነዚህ መሣሪያዎች እውነተኛ ፈተና በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ በሚያሳዩት ውጤት አያበቃም። በሕያው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሳይጎዱና ሳይጎዱት መቆየታቸው ነው የሚፈርድላቸው።