ከፍቺ በኋላ የጤና መድን፦ በአሜሪካ የምትኖር እህት ልታውቀው የሚገባ



በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦቻችን የጤና መድን (ኢንሹራንስ) የሚያገኙት ከጥንዶቹ በአንዳቸው መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ባል ከሠራ ሚስትና ልጆች በእርሱ መድን ይታከማሉ። ትዳር ሲፈርስ ስለ መህር፣ ስለ ዒዳና ስለ ልጆች አስተዳደግ እንነጋገራለን፤ የመድኑ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እህታችን ነፍሰ ጡር ወይም የስኳር ታማሚ ከሆነች ደግሞ የመርሳቱ ዋጋ ከባድ ነው።

ጠላቅና የፍርድ ቤት ፍቺ

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ። ጠላቅ በሸሪዓ የራሱ ውጤት አለው። የመድን ድርጅቱ ግን የሚያየው የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ነው። ዒዳዋ ያለቀ እህት እንኳ ፍርድ ቤት ፍቺውን እስኪወስን ድረስ በመድኑ መዝገብ ላይ ሚስት ናት። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ደግሞ እንደ ፕላኑ ደንብ በዚያው ቀን ወይም በወሩ መጨረሻ ሽፋኗ ይቋረጣል። ባል «ግድ የለም፣ በእኔ መድን ትታከም» ቢል እንኳ አብዛኞቹ ፕላኖች የቀድሞ ሚስትን አይሸፍኑም። ፍቺውን ደብቆ በድሮው ካርድ መታከም አማናን ማጉደል ነው፤ ድርጅቱም ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል።

የዒዳ ነፈቃ ይበቃል?

በረጅዒይ ጠላቅ በዒዳ ጊዜ ነፈቃና መኖሪያ በባል ላይ ግዴታ ነው። በባኢን ፍቺ ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል። ሐነፊዮች ሁለቱንም ግዴታ ሲያደርጉ፣ ሻፊዒዮች ነፍሰ ጡር ካልሆነች መኖሪያን ብቻ ይላሉ። የሕክምና ወጪን ቀደምት ፉቀሃዎች በአብዛኛው ከነፈቃ አልቆጠሩትም፤ በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች ግን ይቆጥሩታል። ያም ሆነ ይህ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ዒዳ ብዙውን ጊዜ ወደ ሦስት ወር ገደማ ነው። ለሕክምና ከዚያ የሚረዝም መፍትሔ ያስፈልጋል።

ኮብራ የሚባለው መብት

የአሜሪካ ኮንግረስ «ኮብራ» በሚባለው ሕግ ለዚህ መንገድ አስቀምጧል። መሥሪያ ቤቱ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት፣ ከመድኑ የወጣች የቀድሞ ሚስት በዚያው ፕላን እስከ 36 ወር መቆየት ትችላለች። ሠራተኛዋ ሚስት ከሆነች የቀድሞ ባልም ይህ መብት አለው። ከ20 ሠራተኞች በታች ላሉባቸው ድርጅቶች ብዙ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

መብቱ ግን በራሱ አይመጣም። ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ አሠሪው ራሱ ለፕላኑ ያሳውቃል። ፍቺን ግን ማሳወቅ ያለባቸው ባለጉዳዮቹ ናቸው። ለዚህም ፕላኑ ቢያንስ 60 ቀን ይሰጣል። ቀኑ ከውሳኔው የሚቆጠር ከሆነና ውሳኔው ማርች 10 ከወጣ፣ 60ኛው ቀን ሜይ 9 ነው። ይህ ካለፈ መብቱ ሊጠፋ ይችላል። ከማሳወቅ በኋላ የምርጫ ወረቀት ይላክላታል፤ ለመምረጥ ቢያንስ 60 ቀን፣ ከመረጠች በኋላም የመጀመሪያውን ክፍያ ለመፈጸም 45 ቀን አላት። ከፈለች ማለት ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርላታል።

ክፍያው ከበድ ይላል። ቀድሞ አሠሪው የሚከፍለውን ድርሻ እርሷ ትሸፍናለች፤ እስከ 2 በመቶ የአስተዳደር ወጪም ይጨመርበታል። ሙሉ ዋጋው በወር 700 ዶላር ቢሆን እስከ 714 ዶላር ልትጠየቅ ትችላለች።

ሌሎች አማራጮች

ስለዚህ ከመወሰን በፊት ማወዳደር ይገባል። በተለምዶ ኦባማኬር በሚባለው የመድን ገበያ፣ ሽፋን የተቋረጠበት ሰው በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይችላል፤ እንደ ገቢው ድጎማ ሊያገኝም ይችላል። ሜዲኬይድ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ብቁነቱ በገቢ፣ በግዛትና በኢሚግሬሽን ሁኔታ ይወሰናል። ራሷ የምትሠራ እህትም የመሥሪያ ቤቷን መድን ትጠይቅ። ኮብራን ይዞ መሀል ላይ በፈቃድ መተው ግን እስከ ቀጣዩ የምዝገባ ወቅት ያለ መድን ሊያስቀር ይችላል።

ልጆችን በተመለከተ፣ ፍቺው ከአባታቸው መድን አያስወጣቸውም። የልጆች ሽፋን ያለው ፕላን እስከ 26 ዓመት ሊያቆያቸው ይገባል፤ ፍርድ ቤትም ወላጅን በመድኑ እንዲያስገባቸው ሊያዝ ይችላል።

ለባሎችና ለኢማሞች

አንዳንዱ ፍቺ ሲቃረብ ሚስቱን አስቀድሞ ከመድኑ ያስወጣል። ይህ የኮብራ መብቷን አያጠፋም፤ ፍቺውን በጊዜው ካሳወቀች ከፍቺው ቀን ጀምሮ ሽፋኑን መጠየቅ ትችላለች። ወንድማችን ሆይ! ቁርኣን ለተፈታች ሴት ሙትዓ እንዲሰጣት ያዛል። የጥቂት ወራት የመድን ክፍያዋን መሸፈን በመልካም መለያየት ነው። ከተስማማችሁ በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ውስጥ እንዲጻፍ አድርጉ፤ የቃል ስምምነት ይረሳል።

የጠላቅ ወረቀት የሚጽፉ ኢማሞችና ሽማግሌዎችም አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ነው፦ «መድኑ በማን ስም ነው? ለመሥሪያ ቤቱስ ተነግሯል?» ይህች ጥያቄ በጊዜዋ ከተጠየቀች አንዲት እናት ያለ ሕክምና እንዳትቀር ሰበብ ትሆናለች።

ወላሁ አዕለም።