«ሰሞን»፣ «ተራ»፣ «ፈረቃ»፦ የቅርጫት ኳስ ጋርዶችን ማፈራረቅ በአማርኛ ምን ይባል?

በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ውድድር ተጫዋች የበዛለት አሰልጣኝ ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ ጋርዶቹን፣ ማለትም ኳስ እየነዱ ጨዋታ የሚጀምሩትን የኋላ መስመር ተጫዋቾች፣ እንዴት እያለዋወጠ እንደሚያሰልፍ መወሰን ነው። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚም የራሱ ችግር አለበት። ችግሩ የቃል እጦት ሳይሆን የቃል ብዛት ነው። ሰሞን፣ ተራ፣ ፈረቃ፣ ቅያሬ፣ ቅብብል ሁሉም መለዋወጥን ያመለክታሉ፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃላቱን ልዩነት ማሳየት ነው። ለዚህም አገልግሎትን በየተራ የመስጠት ልማድ ለረጅም ዘመን ከኖረባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነውን ላሊበላንና የላስታን ምድር በምስክርነት እንጠራለን።

በመጀመሪያ ነገሩን እንይ። የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው። በሜዳ ከሚሰለፉት 5 ተጫዋቾች 2ቱ ጋርዶች ቢሆኑ ለጋርዶች የሚከፋፈለው ጊዜ በድምሩ 80 ደቂቃ ይሆናል። ቡድኑ 5 ጋርዶች ቢኖሩትና ጊዜው እኩል ቢታደል ለእያንዳንዱ 16 ደቂቃ ይደርሰዋል። በተግባር ግን እኩል አይታደልም፤ አንዱ ይደክማል፣ ሌላው ጥፋት ያበዛና 5ኛው ሲቆጠርበት ከጨዋታው ይሰናበታል፣ ሦስተኛው ለዕለቱ ተጋጣሚ አይመችም። የወጣው ተጫዋች ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ የለውጡም ቁጥር አይገደብም። በዚህ ምክንያት ከእግር ኳስ የለመድነው «ቅያሬ» ብቻውን አይበቃም። በእግር ኳስ ትልልቅ ውድድሮች «ተቀይሮ ወጣ» የተባለ ተጫዋች ለዚያ ጨዋታ አበቃለት ማለት ነውና።

አሁን ወደ ላስታ እንሻገር። በላሊበላም ሆነ በሌላው አድባራት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ 5 ልዑካን፣ ማለትም 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት፣ ያስፈልጋሉ። አገልጋዩ ከዚህ ቁጥር ሲበዛ በምድብ ተከፍሎ በየሳምንቱ ይገባል፤ ሳምንቱ የደረሰው «ሰሞነኛ» ይባላል። «ሰሞን» ሳምንት ማለት ከሆነው ከግእዙ «ሰሙን» የመጣ ሲሆን ከስምንት ቁጥር ጋር ይዛመዳል። ስለዚህ በሰሞን ሥርዓት ለዋጩ የቀን መቁጠሪያው ነው። ሰሞነኛው የሚገባው ከሌላው ስለ በለጠ ሳይሆን ሳምንቱ ስለ ደረሰው ነው። ቃሉን ወደ ስፖርት ብናመጣው ይህን ትርጉም ይዞ ከመምጣቱም በላይ በዛሬው አማርኛ «ሰሞነኛ ወሬ» እንደምንለው ቶሎ የሚያልፍ ነገር የሚል ስሜት ይጨምራል። «ሰሞነኛ ጋርድ» የተባለ ተጫዋች መሞገሱን አያውቅም።

«ተራ» ደግሞ የመብት ቃል ነው። በመስኖ ውኃም ሆነ በወፍጮ ቤት «ተራዬ ነው» የሚል ሰው ልመና አያቀርብም፤ ድርሻውን ይጠይቃል።  አሰልጣኝ «በተራ ትጫወታላችሁ» ካለ፣ ተቀምጦ የዋለው ልጅ ተበደልሁ ቢል ቃሉ ይደግፈዋል። ከዚህም ሌላ «ተራ» ዝቅ ያለ፣ የማይለይ የሚል ፍቺ ስላለው «ተራ ተጫዋች» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ባለተራውን ልጅ ሳያስበው ሰድቦታል። ግድ ከሆነ «ተረኛ» ማለት ይሻላል።

«ፈረቃ» የሰዓት ቃል ነው። የፋብሪካና የትምህርት ቤት ፈረቃ አንዱን ቡድን በሙሉ አስወጥቶ ሌላውን በሙሉ ያስገባል። ይህ በቅርጫት ኳስ አልፎ አልፎ ይታያል። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ እ.ኤ.አ. በ2014 የውድድር ዘመኑን ሲጀምር ቡድኑን ለሁለት አምስት አምስት ከፍሎ ነበር። በአንደኛው ምድብ መንትዮቹ አንድሩ እና አሮን ሃሪሰን፣ በሁለተኛው ታይለር ዩሊስ እና ዴቪን ቡከር ጋርዶች ነበሩ። ይህን «ፈረቃ» ማለት ትክክል ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አሌክስ ፖይትረስ ጉልበቱን ሲጎዳ ግን አንደኛው ምድብ ጎደለ፤ ከዚያ በኋላ ለውጡ በምድብ መሆኑ ቀርቶ በየሰዉና በየሁኔታው ሆነ። ቡድኑ 38 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 በዊስኮንሲን ተሸነፈ። የውድድር ዘመኑን ሁሉ በ«ፈረቃ» የሚገልጽ ትርጉም እንግዲህ እኩሌታው ስሕተት ነው።

«ቅብብል»ም መለየት አለበት። በላሊበላ በልደት በዓል በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ገሚሱ ካህናት ማሜ ጋራ ከሚባለው ከፍታ፣ ገሚሱ ከታች ሆነው ይቀባበላሉ። አንዱ ሲያዜም ሌላው ዝም ቢልም ሁለቱም በአገልግሎት ላይ ናቸው፤ ቦታውን ለሌላ የለቀቀ የለም። ስለዚህ ቅብብል በሜዳ ያሉት ሁለት ጋርዶች ኳስ ለሚለዋወጡበት እንጂ ከተቀመጠው ጋር ለሚደረገው ለውጥ አይሆንም።

እንግዲህ የምንፈልገው ቃል ለዋጩን፣ ማለትም አሰልጣኙን፣ የሚያሳይ መሆን አለበት። ይህን የሚሰጠን የግሡ ቅርጽ ነው። «ክረምትና በጋ ይፈራረቃሉ» ስንል አድራጊው አይታይም፤ «ፈጣሪ ክረምትና በጋን ያፈራርቃል» ስንል ግን ይታያል። «ተፈራረቀ» ወደ «አፈራረቀ» ሲለወጥ ነገሩ በራሱ የሚሆን መሆኑ ይቀርና ወሳኝ ያለው ሥራ ይሆናል። «አፈራረቅ» የሚለው ስም ለሁለቱም ግሦች ስለሚያገለግል ያሻማል፤ «ማፈራረቅ» ግን አያሻማም።

ሁለት ተጓዳኝ ቃላትም አሉ። «ጋርድ»ን «ዘበኛ» ወይም «ተከላካይ» ማለት አይገባም። ስሙ በየወገኑ 9 ሰው ይሰለፍ ከነበረበት፣ ጨዋታው ከተፈጠረበት ከ1891 እ.ኤ.አ. ዘመን የቀረ ነው፤ ያን ጊዜ ጋርድ በእርግጥ ቅርጫቱን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ማጥቃቱን የሚመራው እርሱ ስለሆነ «ጋርድ» እንዳለ ቢቀመጥ ይመረጣል። «ጥልቅ ቡድን» የሚለው ቃል በቃል ትርጉምም በአማርኛ ስሜት አይሰጥም፤ «ተተኪ የሞላው ቡድን» ማለት ይበቃል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ፍቺዎች ለውይይት ቀርበዋል፦

ማፈራረቅ፦ አሰልጣኝ በሜዳ ያሉትንና የሚጠባበቁትን ተጫዋቾች እንደ ጨዋታው ሁኔታ እያለዋወጠ ማጫወት። «አምስቱን ጋርዶች በማፈራረቅ አጫወታቸው።»

ፈረቃ፦ አንድ ምድብ በሙሉ ወጥቶ ሌላው በሙሉ የሚገባበት ሥርዓት።

ቅያሬ፦ የአንድ ጊዜ ለውጥ።

ተርጓሚ ከእነዚህ አንዱን ከመምረጡ በፊት «ለዋጩ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ቀን ከሆነ ሰሞን፣ ቅደም ተከተል ከሆነ ተራ፣ ሰዓት ከሆነ ፈረቃ፣ የሰው ፍርድ ከሆነ ማፈራረቅ ነው። ተቀምጦ የሚጠባበቀው ወጣት የሚጠይቀው ድርሻ ይኑረው አይኑረው የሚያውቀው በተጻፈለት ቃል ነውና ምርጫው እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።