ፈርናንዴስ የማን ልጅ ነው?

ጭሮ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ነባር ነዋሪዎቿ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ባለበት ቅዳሜ ከተማዋ እንደማንኛውም የአገራችን ከተማ ቀይና ሰማያዊ ማሊያ ለብሳ ነው የምትውለው። ሂርናም፣ ሚኤሶም፣ ገለምሶም፣ በዴሳም ያው ናቸው። ከቀያዮቹ መሀል ጀርባው ላይ ‹‹ቢ. ፈርናንዴስ›› የሚል ማሊያ አይጠፋም። ወጣቱ የሰው አባት ስም ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነት ነው፤ ፈርናንዴስ ማለት ‹‹የፈርናንዶ ልጅ›› ማለት ነውና።

ብሩኖ ፈርናንዴስ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ከስፖርቲንግ ሊዝበን ማንቸስተር ዩናይትድን ተቀላቀለ፤ በ2023 ደግሞ የአምበልነቱን ማዕረግ ከሃሪ ማጓየር ተረከበ። ታዲያ አባቱ ፈርናንዶ ይባላሉ ማለት አይደለም። ፈርናንዶ የተባለው ሰውዬ የኖረው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው።

በፖርቹጋል ቋንቋ ስም መጨረሻ ላይ የምትለጠፈው ‹‹ኤስ›› በድሮ ጊዜ የእገሌ ልጅ ማለት ነበረች። የሮድሪጎ ልጅ ሮድሪጌስ፣ የሜንዶ ልጅ ሜንዴስ፣ የሎፖ ልጅ ሎፔስ፣ የኑኖ ልጅ ኑኔስ ይባል ነበር። የፖርቹጋል የመጀመሪያ ንጉሥ አፎንሶ ሄንሪኬስ የተባለው አባቱ ሄንሪኬ ስለሆነ ነው። ለአንድ የጭሮ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፤ የእኛም አጠራር ይኸው ነው። ልዩነቱ የመጣው ኋላ ላይ ነው። ፖርቹጋሎቹ በየትውልዱ ይቀያየር የነበረውን የአባት ስም አንድ ቦታ ላይ አቆሙትና የቤተሰብ ስም አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ልጅም፣ የልጅ ልጅም ፈርናንዴስ ነው። በዘመናችን የፖርቹጋል ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ኑኖ ሜንዴስ እና ማቲየስ ኑኔስ ተጫውተዋል፤ የአንደኛው የራሱ ስም የሌላኛው የጥንት አያት ስም መሆኑ ነው።

በነገራችን ላይ እኛ አገር ብሩኖን ‹‹ፈርናንዴዝ›› የሚሉት ይበዛሉ። በ‹‹ዝ›› የሚጨርሱት ግን ስፔኖቹ ናቸው። የቼልሲው አርጀንቲናዊ ኤንዞ ፈርናንዴዝ የዚያው ስም ስፔናዊ ወንድም ነው። በስፔን ደግሞ ከጊዜ በኋላ ‹‹ፈ›› ወደ ‹‹ኸ›› እየተለወጠች ፈርናንዶን ኸርናንዶ ያሉት አሉ። የ2024 የባሎን ዶር አሸናፊው ሮድሪ ሙሉ ስሙ ሮድሪጎ ኸርናንዴዝ ነው። ስለዚህ በማንቸስተር ደርቢ መሀል ሜዳ ላይ የሚፋለሙት ብሩኖና ሮድሪ በስም ሥር አንድ ናቸው!

ስሙን ወደ ዓለም የበተኑት መርከቦች ናቸው። ፖርቹጋሎች በ1510 የህንዷን ጎዋ ያዙ፤ የለቀቁት በ1961 ነው። እዚያ ክርስትና የተነሳው ሰው የክርስትና አባቱን ወይም የቄሱን ስም ይወስድ ስለነበር ፈርናንዴስ የሚባል ጎዋዊ ሞልቷል። የህንድ ብሔራዊ ቡድን አማካይ ብራንደን ፈርናንዴስ ከእነሱ አንዱ ነው። በብራዚልና በኬፕ ቨርዴ ደግሞ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የጌቶቻቸው ስም ተለጥፎባቸዋል። በ2010 የዓለም ዋንጫ ስፔንን 1 ለ 0 ያሸነፈችው ስዊዘርላንድ ጎሏን ያገኘችው ከጌልሰን ፈርናንዴስ ነበር፤ የተወለደው የኬፕ ቨርዴ ዋና ከተማ ፕራያ ውስጥ ነው። የእኛ ዋልያዎችም ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ሲሸነፉ በተቃራኒ ቡድኑ ዝርዝር ውስጥ ሜንዴስና ሮድሪጌስ ነበሩ።

ፈርናንዴስ የሚባል ሰው ኢትዮጵያን የረገጠው ግን ኳስ ከመምጣቱ በፊት ነው። አንቶኒዮ ፈርናንዴስ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ በ1613 በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ ወደ ማሊንዲ የሚያወጣ መንገድ ፍለጋ በእናርያና በከምባታ በኩል ተጉዞ አላባ ላይ ተይዞ ተመልሷል። ከእሱ በፊት በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ወታደር ይዞ ምጽዋ ወርዷል። ሊዋጋ የመጣው መቀመጫቸውን ሐረር ካደረጉት ከኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር ነው፤ የኢማሙም ስም የአባት ስም ነው፣ አህመድ የኢብራሂም ልጅ። ጦርነቱ በ1543 ሲያበቃ በሕይወት ከተረፉት ፖርቹጋሎች ብዙዎቹ እዚሁ አግብተው ወልደዋል። ታዲያ ጎዋን የሞላው ስም እዚህ ለምን አልበቀለም? እዚህ ልጅ የሚጠራው በአባቱ የግል ስም ስለሆነ፣ የአንቶኒዮ ልጅ ‹‹እገሌ አንቶኒዮ›› እንጂ ፈርናንዴስ አይሆንም፤ በሦስተኛው ትውልድ አንቶኒዮም ይረሳል። በአገራችን ከፖርቹጋል የቀረልን ስም ብርቱካን ነው፤ እሱም በዐረብኛ በኩል ዞሮ የመጣ።

ውጭ አገር ሲኬድ ግን የእኛም ስም መቆሙ አልቀረም። ፈረንጁ ኮሜንታተር ‹‹በቀለ! በቀለ!›› እያለ ሲጮህ የሚጠራው ቀነኒሳን ሳይሆን አባትየውን ነው። የቼኩ ተከላካይ ቴዎዶር ገብረሥላሴ በ1986 ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ከቼካዊት እናት ተወለደ፤ በቬርደር ብሬመን ከ2012 እስከ 2021 ሲጫወት ማሊያው ላይ የተጻፈው ገብረሥላሴ ነበር። እህቱ አና የእጅ ኳስ ተጫውታለች፤ እሷም ገብረሥላሴ ነች። እዚያ ገብረሥላሴ እንደ ፈርናንዴስ የቤተሰብ ስም ሆኗል።

ከምዕራብ ሐረርጌ ወጥቶ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄደውም ወጣት ፎርሙ ላይ ‹‹የቤተሰብ ስም›› የምትል ሳጥን ትጠብቀዋለች። አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። የአንድ አባት ልጆች ሁለት ዓይነት ሞልተው ሲገኙ በወረቀት ወንድማማች መሆናቸውን ማስረዳት ፈተና ነው። ሳጥኗ ውስጥ የገቡት አያት ደግሞ መቻራ ወይም ሂርና በሬ ሲጠምዱ ኖረው ያለፉ፣ አይተዋቸው ለማያውቁ የልጅ ልጅ ልጆች መጠሪያ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ፈርናንዶም እንዲሁ ነው የቀረው።