ሊኑክስ ወይስ ዊንዶውስ? ደኅንነቱን የሚወስነው መንገዱ ነው

በአዳማ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች ብዙ ናቸው። ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ፍላሹ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፤ በየፎልደሩ ምስል ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ትታያለች። ባለሙያዎቹ «ሾርትከት ቫይረስ» ይሉታል። ዋናውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱ ሲነካ በመጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ከዚያ ፎልደሩን ይከፍታል። ሰነዱ ስለሚገኝ ባለቤቱ ምንም አይጠረጥርም። ይኸው ፍላሽ ኡቡንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ግን ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስ አይነሳም፤ የተደበቀው ፎልደርም በግልጽ ይታያል።

ኡቡንቱ ከሊኑክስ ቤተሰብ ነው። የሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ፣ ማለትም ኦፕን ሶርስ ስለሆነ፣ የፈለገ ሰው ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ አሻሽሎ ለሌላው ይሰጣል። በየኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክም የቆመው በዚሁ ከርነል ላይ ነው። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ በአንጻሩ የንግድ ምርት ነው፤ ኮዱ ዝግ ነው። ጉድለቱን የሚደፍነው ኩባንያው ራሱ ሲሆን፣ ማስተካከያውን በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ያወጣል።

ታዲያ የትኛው ይታመናል? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ በሚገኝ ኤክስዜድ በተባለ መሣሪያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተሰወረ የጓሮ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ፣ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን በመፈለግ ደረሰበት። ኮዱ ክፍት መሆኑ ተንኮለኛውን አስገብቶታል፤ ፍሮይንድም መርምሮ ሊያጋልጠው የቻለው ኮዱ ክፍት ስለነበረ ነው። በዊንዶውስ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከመቶ በላይ አገሮችን አዳረሰ። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ቀድሞ ነበር፤ የተጎዱት ማስተካከያውን ያልጫኑት ናቸው።

ሁለቱም ወገኖች ማስተካከያውን የሚልኩት ዲጂታል ፊርማ አድርገውበት ነው። ፊርማው ሞጆ ደረቅ ወደብ እንደሚደርስ ኮንቴይነር ማሸጊያ ነው፤ ማሸጊያው ከተነካ ዕቃው በመንገድ ተከፍቷል ማለት ነው። ኡቡንቱ ፕሮግራም ከራሱ ማከማቻ ሲያወርድ ይህን ፊርማ ይፈትሻል፤ የዊንዶውስ አፕዴትም እንዲሁ።

የእኛ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። በየሱቁ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ የሚጫነው ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ «ክራክ» የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ነው። ክራኩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱ ይዘጋል፣ ብዙ ጊዜም አፕዴቱ አብሮ ይጠፋል። ክራኩን የሠራው ሰው ማን እንደሆነና ውስጡ ምን እንደጨመረ የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ የኩባንያውን ጥበቃ አጥቷል፤ የክፍት ኮድን ግልጽነትም አላገኘም።

ክፍት ኮድ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆንም ከራሳችን ገበያ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሴኪዩር-ዲ የተባለ ተቋም ቴክኖ ደብሊው 2 በተባሉ የአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ቀድሞ የተጫነ አደገኛ ሶፍትዌር ማግኘቱን ይፋ አደረገ፤ ችግሩ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሶፍትዌሩ ሰው ሳያውቅ ክፍያ ለሚቆረጥባቸው አገልግሎቶች ስልኩን ያስመዘግባል። አምራቹ ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ የሌላ ድርጅት መሆኑን ገልጿል። ቶሮንቶ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ ለሚኖሩ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎች የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የስለላ ሶፍትዌር በኢሜይል ይላክላቸው እንደነበር አጋልጧል። ዒላማው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ነበር። በአንዱ ሶፍትዌሩ የሚመጣበትን መንገድ ያበላሸው አቅራቢ፣ በሌላው የሐሰት ማሻሻያ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር ሊያስጭን ሱቅ የሚገባ ሰው ባለሙያውን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ይህን ሲስተም ከየት አወረድከው? አፕዴቱ ይሠራል? በየቀኑ የምጠቀምበት አካውንት ሁሉን የመለወጥ ሥልጣን አለው? (ባይኖረው ይመረጣል።) በዚህ ላይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ብዙ ያረጁ ኮምፒውተሮችም ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ለዊንዶውስ የሚከፍል ገንዘብ ያለው ሕጋዊውን ይግዛ። አቅም የሌለው ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ወረዳ ደግሞ ክራክ ከመሸከም ኡቡንቱን ከራሱ ድረ ገጽ በነጻ አውርዶ ቢጭን፣ በሕጋዊ መንገድ የታደሰ ሲስተም ይኖረዋል። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ይህን የመትከልና የማስተማር ችሎታው አላቸው፤ ሥራውን የሚሰጣቸው ተቋም ከተማውን በእጅጉ ይጠቅማል።