የክፍለ ከተማው ጭስ በሚዛን ላይ

ነጋዴ በዓመት አንድ ጊዜ ቆጠራ ያደርጋል፤ ያልተቆጠረ ዕቃ ትርፉም ኪሳራውም አይታወቅምና። የከተማ አስተዳደርም ወደ አየር የሚለቀውን ካርቦን እቀንሳለሁ ካለ መነሻው ይኸው ቆጠራ ነው።

አሠራሩ እንግዳ አይደለም። ከተሞች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ የልቀት አመዘጋገብ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። በአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ ሥራውን ለመጀመር ሦስት መዝገቦች ይበቁታል፦ የነዳጅ፣ የመብራትና የቆሻሻ።

የነዳጁ ሒሳብ ከኩፖኑ ላይ ይገኛል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ጭሱ ከነዳጁ የሚከብደው ከአየሩ ኦክስጅን ስለሚጨምር ነው። ለምሳሌ በወር 10,000 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ መሥሪያ ቤት 27 ቶን ገደማ ይለቃል። የመኪና ስምሪቱን አስተካክሎ አንድ አምስተኛውን ቢቆጥብ ከአምስት ቶን በላይ ካርቦን ይቀራል፤ የ2,000 ሊትር ዋጋም በካዝናው ያድራል።

የመብራት ቢል በብዙ አገሮች ከባዱ መዝገብ ነው። በኢትዮጵያ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከውኃ ስለሚመነጭ አምፖል መለወጥ ብር እንጂ ብዙ ካርቦን አያድንም። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር ግን ከናፍጣው መዝገብ ይገባል።

ትልቁ ጉዳይ ቆሻሻው ነው። የምግብ ትርፍራፊ ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም በ100 ዓመት ሲሰላ፣ ኪሎ ለኪሎ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ቆሻሻን እየከመሩ መተው የሚያስከፍለው ዋጋ የቆሼው ክምር በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን በገደለ ጊዜ በግልጽ ታይቷል። መፍትሔው ከየቤቱ መለየት ነው፤ እርጥቡ ለኮምፖስት፣ ደረቁ ለገበያ። ቁራሌውና ምናለሽ ተራ ብረቱን፣ ጠርሙሱንና ጀሪካኑን ዋጋ ሰጥተው ሲያዞሩ ኖረዋልና ገበያው ከዜሮ አይጀምርም።

ጥንቃቄ የሚያሻው በኮንትራት ላይ ነው። የቆሻሻ ማንሳቱን ሥራ ለግል ድርጅት የሰጠ ክፍለ ከተማ የመኪናዎቹን ነዳጅ ከመዝገቡ ቢሰርዝ፣ ጭሱ ባለቤት ቀየረ እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ ጨረታው ውስጥ የነዳጅ ደረሰኝ ማቅረብ ግዴታ ሊሆን ይገባል። መነሻ ዓመቱም አንዴ ከተያዘ መለዋወጥ የለበትም።

ካርቦን ገዢ እንዳለው በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ደን ያሳያል። የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው ፈንድ 165,000 ቶን ሊገዛ የተዋዋለው፣ ደኑ የሚይዘው ካርቦን ተለክቶ ስለቀረበ ነው። በከተማም ቢሆን ሚዛኑ ካልታመነ ገዢ አይመጣም።