የቆየ መኪና የሞተር ጉልበት ማሳደግ ያዋጣልን?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀደም ብለው የገቡ መኪኖችን ጠግኖና ተንከባክቦ ማቆየት ለባለንብረቶች ከቀድሞው የበለጠ ክብደት ያለው ጉዳይ ሆኗል። በዚሁ ልክ አንድ ጥያቄ በየጋራዡ ይነሣል፦ ዳገት ላይ የሚደክም የቆየ መኪና ተለቅ ያለ ሞተር ቢገጠምለት ወይም የነበረው ሞተር ጉልበቱ እንዲጨምር ቢሠራ ያዋጣል? በአብዛኛው አያዋጣም። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውንና በጊዜ ብዛት ያጣውን ጉልበት መመለስ ግን ያዋጣል። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ቢሆኑም ባለንብረቱ የመጀመሪያውን ወጪ የሚያወጣው ሁለተኛውን ሳይሞክር ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ከከፍታ መነሣት ያስፈልጋል። በመኪና ሰነድ ላይ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ወለል የአየር ግፊት ላይ የተመሠረተ ነው። ቤንዚን የሚቃጠለው ከአየር ጋር ተደባልቆ በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ 60 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር በከተማዋ የሚሰጠው 47 ያህል ነው። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ 42 ይወርዳል። ስለዚህ «መኪናዬ ደከመ» የሚል ባለንብረት የመኪናውን እርጅና ብቻ ሳይሆን የሚኖርበትን አገር ከፍታም ጭምር እየገለጸ ነው።

በአዲስ አበባ ዲኤክስ በሚል ስም የሚታወቀውን የቶዮታ ኮሮላ ሞዴል እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው 4ኬ የተባለው ሞተር ይዘቱ 1,290 ሲሲ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው 5ኬ 1,486 ሲሲ ሲሆን አካሉ ተመሳሳይ በመሆኑ ያለ ብዙ ለውጥ በቦታው ይገባል፤ ተፈላጊ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የይዘቱ ጭማሪ ግን 15 በመቶ ብቻ ነው። ጉልበቱ በይዘቱ ልክ ያድጋል ብንል እንኳ ከፍታው ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ስለሚወስድ፣ ትልቁ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው ጉልበት ትንሹ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሰጠው ያነሰ ሆኖ ይቀራል። ባለንብረቱ ለሞተሩ፣ ለእጅ ሥራውና ለማስመዝገቢያው ከፍሎ የሚያገኘው ልዩነት ይኸው ነው። በሌላ በኩል ቫልቩ የማይገጥም ወይም የፒስተን ፋሻው ያለቀ ሞተር ከዚህ የሚበልጥ ጉልበት ሊያጣ ይችላል።

በመሆኑም ስለ ሞተር ልወጣ ከመታሰቡ በፊት የእያንዳንዱ ሲሊንደር የእመቃ ግፊት በመለኪያ መታየት አለበት። በዚህ ረገድ ባለንብረቶች በብርቱ ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የአምራቹ መመሪያ የሚጠቅሰው አኃዝ የባሕር ወለል ነው። መመሪያው 12 ኪሎ የሚል ከሆነ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ9 ኪሎ ብዙም ከፍ አይልም። ይህን ያላገናዘበ ባለሙያ ደህናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ሊያወርደው ይችላል። ይልቁንም በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል፤ ሦስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ከወረደ ችግሩ እዚያ ነው። በደከመው ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ምንጩን ለመለየት ይረዳል፦ ግፊቱ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካልተለወጠ ደግሞ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ምርመራው ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ሲሆን፣ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ የባለንብረቱ መብት ነው።

የእመቃ ግፊቱ ደህና ሆኖ መኪናው አሁንም ከደከመ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ ያልተስተካከለ የቫልቭ ክፍተት፣ የዘገየ የብልጭታ ሰዓት፣ ሙሉ በሙሉ የማይለቅ ፍሬን ሁሉም ጉልበት ይበላሉ። የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን በተለይ ያታልላል፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነ የጎደለው የሞተር ጉልበት ሳይሆን ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርስ መንገድ ነው። ለመልክ ሲባል ከተፈቀደው መጠን በላይ የሆነ ጎማ መግጠምም እንዲሁ ነው፤ የጎማው ቁመት በ10 በመቶ ሲጨምር በየማርሹ የሚገኘው የመጎተት ኃይል በ10 በመቶ አካባቢ ይቀንሳል። ካርቡራቶር ያላቸው መኪኖች ሌላም ጉድለት አለባቸው፦ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ላይ ከአየሩ የሚበልጥ ነዳጅ ስለሚለቅ ነዳጅ ያባክናል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ሞተሩንም ያደክማል። ለከፍታው የሚስማማ አነስ ያለ የነዳጅ ቀዳዳ ማስገባትና የብልጭታውን ሰዓት በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ከሞተር ልወጣ ጋር በማይነጻጸር ወጪ የሚሰማ ለውጥ ያመጣል።

ጉልበት ለመጨመር ቴስታታውን በማሽን ማስላጥ ሌላው የተለመደ ዘዴ ነው። የእመቃ መጠኑ ስለሚጨምር በከፍተኛ ቦታ ጥቂት ጥቅም መስጠቱ አይካድም። ይሁንና በአዲስ አበባ የተስማማው ሞተር ወደ አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፣ ይሞቅበታልም፤ ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ መፈንዳት ይጀምርና ሞተሩ ያንኳኳል። ይህን ድምፅ ችላ ብሎ ረጅም መንገድ መንዳት ፒስተን ይበሳል። ከከተማ ለማይወጣ መኪና የሚበጅ ሥራ በየጊዜው ቆላ ለሚወርድ መኪና አደጋ ሊሆን እንደሚችል ልብ ሊባል ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ግን በናፍጣ በሚሠሩ የቆዩ ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች ላይ የሚደረገው ነው። ዳገት ላይ ጉልበት እንዲያገኙ በሚል የናፍጣው ፖምፓ ከተወሰነለት መጠን በላይ እንዲለቅ ይደረጋል። ደጋ ላይ የጎደለው ናፍጣ ሳይሆን አየር ነው። አየር ሳይጨመር የተጨመረው ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ በዳገት ከኋላ የሚከተል እግረኛና አሽከርካሪ የሚተነፍሰውም ይህንኑ ነው። የቃጠሎው ሙቀት ከልክ በላይ ሲያልፍ ደግሞ ቴስታታ ይሰነጠቃል፣ ፒስተን ይቀልጣል። ጥቂት ፍጥነት ለማትረፍ ሲባል ሙሉ ሞተር ይጠፋል፤ ጭሱም በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ተሽከርካሪውን ሊያስጥል ይችላል። ሲመረት ጀምሮ ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ በከፍታ የሚያጣው ጉልበት አነስተኛ ነው። ለቱርቦ ባልተሠራ ሞተር ላይ መግጠም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፒስተኑም ሆነ የዘይቱ ዝውውር ለዚያ ጫና አልተዘጋጀም። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር ስለማያስፈልገው በከፍታ ምክንያት ጉልበት አይጎድልበትም፤ ለሞተር ልወጣ ከፍ ያለ ገንዘብ ያዘጋጀ ባለንብረት ይህንን ቢያስብበት መልካም ነው።

ጉልበቱ በእርግጥ ቢጨምርስ? የመኪናው ሌሎች ክፍሎች የተሠሩት ለቀድሞው ሞተር ነው። በመጀመሪያ የሚቸገረው ማቀዝቀዣው ነው። ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ይዞ ይህን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን አይዝም፣ ውኃውም ይፈላል። ከነባሩ ሞተር የበለጠ ሙቀት የሚያመነጭ ሞተር በአሮጌ ራዲያተርና በአሮጌ ክዳን ላይ ማስቀመጥ መኪናውን በመጀመሪያው ረጅም ዳገት ላይ ያስቆመዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰው ሕይወት የሚመለከተው ፍሬን ነው። ፍጥነት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ፍጥነቱ የጨመረው በሩብ ቢሆንም፣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል የሚጨምረው ከግማሽ በላይ፣ 56 በመቶ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ለዝቅተኛ ጉልበት የተሠራ ፍሬን፣ በተለይ ሸራው ያለቀ ከሆነ፣ በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ግሎ ከመያዝ ይሰንፋል። አሽከርካሪው ይህን የሚያውቀው ፔዳሉን ረግጦ መኪናው አልቆም ሲለው ነው። ስለዚህ ለሞተር የሚወጣ እያንዳንዱ ብር ለፍሬን፣ ለፍሪሲዮን፣ ለመሪና ለጎማ ሌላ ወጪ እንደሚያስከትል አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ይህን ወጪ የማይችል ባለንብረት ሞተሩንም ባይነካ ይመረጣል።

የሞተር ልወጣ ተገቢ የሚሆንበት ሁኔታ የለም ማለት አይደለም። ነባሩ ሞተር ብሎኩ ተሰንጥቆ ወይም ሲሊንደሩ ደጋግሞ በመቦርቦር መጠኑን ጨርሶ ከሆነና መኪናው በሌላው አካሉ ደህና ከሆነ፣ መለወጡ አይቀርም። ያኔ ከዚያው ቤተሰብ ጥቂት ከፍ ያለውን መምረጥ ምክንያታዊ ነው፤ መለዋወጫውም ይገኛል፣ ካምቢዮውም ይስማማል። ከሌላ አምራች ወይም እጅግ ከፍ ካለ ሞዴል የመጣ ሞተር ግን ሻንሲ ማስቆረጥና ማስበየድ ስለሚጠይቅ፣ መኪናው በግጭት ጊዜ ሊኖረው የሚገባውን ጥንካሬ ያሳጣዋል።

ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት የሕጉ ጉዳይም መታየት አለበት። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪን የሚያውቀው በሻንሲና በሞተር ቁጥሩ ጭምር ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ቦሎ በማደስ፣ ንብረቱን በመሸጥና ከአደጋ በኋላ የመድን ካሳ በመጠየቅ ጊዜ ባለንብረቱ ይቸገራል። በመሆኑም የሞተር ለውጥ ያሰበ ባለንብረት ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማነጋገር፣ ሞተሩን ሲገዛ ምንጩን የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድና ደረሰኝ መቀበል፣ በሰነዱ ላይ ያለውን ቁጥር ከሞተሩ አካል ጋር ራሱ ማመሳከር፣ ሥራው ካለቀ በኋላም መኪናውን አስመርምሮ አዲሱን ቁጥር በሊብሬው ላይ ማስጻፍ ይኖርበታል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ሞተር ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መገዛት የለበትም።